ካርቴጅ ላይ ጨው አልተዘራም



ባለፈው ሳምንት ተማሪዬ የነበረ አንድ ልጅ በውስጥ መስመር አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት መድረክ ላይ እየተንጎራደደ የማነቃቂያ ንግግር ያደርጋል፤ ከኋላው የሚያስፈራ ሙዚቃ አለ። ሮማውያን ዓለምን የገዙት ተስፋ መቁረጥ ስለማያውቁ ነው፣ ተቀናቃኛቸውን ካርቴጅን ከሥሯ ነቅለው መሬቷ ላይ ጨው ዘሩባት፣ አንተስ ተቀናቃኝህን ምን አድርገኸዋል? እያለ ይጮኻል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ተማሪዬ ከሥሩ «ቲቸር፣ የእርስዎን ክፍል አስታወሰኝ» ብሎ ጽፎበታል፣ የሳቅ ምልክት ጨምሮ።

እኔም መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ግን ዝም አልኩ። ልጁ እውነቱን ነው እኮ! ጨዉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ፣ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ፈረቃ እየተቀበልኩ፣ «ከተማዋን አቃጠሉ፣ መሬቷን አረሱ፣ ምንም እንዳይበቅልባት ጨው ዘሩባት» ስል ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። የኋላ ወንበር ላይ የሚተኙት ሳይቀሩ ቀና ይሉ ነበር። መምህር የሆነ ሰው ይህች ጸጥታ ምን ያህል እንደምትጥም ያውቃል።

እንግዲህ ዛሬ ላርም። ጨው አልተዘራም። ስለ ካርቴጅ መውደቅ ከጻፉት የጥንት ጸሐፊዎች አንዱም ጨው የሚባል ነገር አላነሳም። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሰዎች የጨመሩት ነው፤ አንዱ ከሌላው እየቀዳ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ ከመጽሐፍ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እናንተ መጣ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጨዉ ብቻ ቢሆን ግን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የባሰው ሌላ ነው። ሦስቱን ጦርነቶች ዓመታቸውን አስጽፌ፣ ዝሆኖቹን አልፕስ ላይ አውጥቼ አውርጄ፣ «ሮም ለምን አሸነፈች?» ስባል «ጠንካራና ዲሲፕሊን ያላቸው ስለነበሩ» ብዬ አልፍ ነበር። ይሄ መልስ አይደለም። ያሸነፈ ሁሉ ጠንካራ ነበር ማለት ምንም አለማለት ነው። ይኸው አሁን ሰውዬው አዳራሽ ሞልቶ ይሸጠዋል።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ እንዳትደናገሩ። ሁለተኛ፣ ኮሜንት ላይ «ቲቸር እገሌን ለማለት ፈልገው ነው» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ሮም ነው።

የመጀመሪያው ጦርነት በ264 የተነሣው በመሲና ምክንያት ነው። መሲና ሲሲሊን ከጣሊያን በሚለየው ጠባብ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ቅጥረኛ ወታደሮች በእንግድነት ገብተው ወንዶቹን ገድለው፣ ሚስትና ንብረት ወርሰው ይዘዋት ነበር። የሲራኩስ ገዥ ሲያስጨንቃቸው ከፊሎቹ ካርቴጅን፣ ከፊሎቹ ሮምን ድረሱልን አሉ። የሮም ሴኔት አፍሮ ነበር፤ ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሬጊየም ላይ ልክ ይህንኑ ወንጀል የፈጸሙ የራሱን ወታደሮች ሮም አስመጥቶ አንገታቸውን አስቆርጧል። አሁን ተመሳሳይ ወንበዴዎችን እንዴት ይርዳ? መወሰን አቃተው። የወሰነው የሕዝቡ ጉባኤ ነው። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደሚነግረን፣ ሕዝቡ በቀደሙት ጦርነቶች ደክሞ የነበረ ቢሆንም መሪዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰውን ምርኮ ሲያሳዩት እሺ አለ። በአደባባይ የተነገረው ምክንያት ግን ካርቴጅ ሲሲሊን ከያዘች ትከበናለች የሚል ነበር። ፍርሃቱ ውሸት ነበር አልልም። ፍርሃቱም ምርኮውም አንድ ላይ ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ከሮም ታሪክ ውስጥ ከባዱ ሥራ ነው።

ይህ ጦርነት 23 ዓመት ፈጀ። የባሕር ኃይል ለመባል የሚበቃ ያልነበራት ሮም ከካርቴጅ የተማረከ አንድ መርከብ አስቀምጣ፣ እሱን እያየች 100 ትልልቅ የጦር መርከቦች ሠራች። ቀዛፊዎቹን ደረቅ መሬት ላይ አግዳሚ ወንበር ደርድራ አለማመደቻቸው። በ255 ማዕበል መጣና ከ360 በላይ ከሆኑት መርከቦቿ 80ዎቹ ብቻ ተረፉ። በ249 ደግሞ አንድ አዛዥ የተቀደሱት ዶሮዎች እህል አንበላም ቢሉት (መጥፎ ምልክት ነው) «ካልበሉ ይጠጡ» ብሎ ባሕር ውስጥ ወረወራቸው ይባላል፤ በዚያው ቀን 93 መርከብ ጠፋበት። ይህቺን ቀልድ ግን እንደ ጨዉ አልሰርዛትም፣ ቢያንስ የጥንት ሰዎች ራሳቸው የጻፏት ናት። በመጨረሻ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን ሀብታሞቹ ከኪሳቸው አበድረው 200 መርከብ አሠሩ፣ በ241 አሸነፉ። ሰሞኑን ከሲሲሊ በስተምዕራብ ካሉት ከኤጋዲ ደሴቶች ባሕር ሥር የዚያን ቀን የነሐስ መውጊያዎች እየወጡ ነው፤ ከመርከቦቹ አፍንጫ የሚገጠሙት ማለቴ ነው፤ ከ20 በላይ ደርሰዋል። ብታዩዋቸው ደስ ይላል።

ካርቴጅ 3,200 ታለንት የጦር ካሳ ተጣለባት። አንድ ታለንት 26 ኪሎ ገደማ ብር ነው፤ ብር ስል ማዕድኑን ነው። ሲሲሊንም ለቀቀች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ካርቴጅ ደመወዝ ያልከፈለቻቸው ቅጥረኞች ዐምፀውባት አገሯ በእሳት ሲያያዝ፣ ሮም ቆየት ብላ ሰርዲኒያን ወሰደች። ካርቴጅ ልታስመልሳት ስትዘጋጅ «ይህ በእኛ ላይ የተቃጣ ነው» ብላ ጦርነት አወጀች፣ ለሰላሙ ደግሞ 1,200 ታለንት ጨምራ አስከፈለች። ፖሊቢየስ ሮምን የሚያደንቅ ሰው ነው፤ እሱ እንኳ ለዚህ አንዳች ምክንያት ሊገኝለት አይችልም፣ ከፍትሕ ውጭ ነው ብሏል። ከዚያም አልፎ ለሁለተኛው ጦርነት ትልቁ መንሥኤ ይህ እንደሆነ ጽፏል። የሃኒባል አባት ያኔ የካርቴጅ ጦር አዛዥ ነበር።

አሁን ወደ ሃኒባል። አልፕስን አቋርጦ ጣሊያን የደረሰው 20,000 እግረኛና 6,000 ፈረሰኛ ይዞ ነው። በ216 ነሐሴ ወር ካኔ ላይ ከእርሱ በእጅጉ የሚበዛውን የሮም ጦር ከብቦ ፈጀው። ዝቅተኛው ግምት 48,000 ሟች ይላል፣ በአንድ ቀን። ከ80 የማያንሱ የሴኔት አባላትና ለሴኔት የሚበቁ ሰዎች ሞተዋል። እዚህ ድረስ ክፍል ውስጥ በደንብ አስተምሬያለሁ፣ የከበባውን ሥዕል በቀስት በቀስት እየሣልኩ። ያላስተማርኩት የሚቀጥለውን ነው።

ሃኒባል ሞኝ አልነበረም። ሮምን በጦር ብዛት እንደማያሸንፋት ያውቃል። ፖሊቢየስ በ225 የተደረገ ቆጠራ ይጠቅሳል፦ ሮምና አጋሮቿ ለጦር ሊያሰልፉ የሚችሉት ከ700,000 በላይ እግረኛና 70,000 ፈረሰኛ። ስለዚህ የሃኒባል ዕቅድ ቁጥሩን መግደል ሳይሆን ቁጥሩን መበተን ነበር። የሮም ዜጋ የሆኑ ምርኮኞችን አስሮ ያስቀምጥና የአጋሮቿን ልጆች ያለ ካሳ ወደ ቤታቸው ይሰዳቸዋል፤ እኔ ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም፣ የመጣሁት ጣሊያንን ከሮም ላወጣት ነው እያለ። ዕቅዱ የሞኝ ዕቅድ አይደለም። ካፑዋ ከዳች፣ ታሬንቱም ከዳች፣ በደቡብ ብዙ ከተሞች ከዱ። የመካከለኛው ጣሊያን አብዛኛው ክፍልና የላቲን ሰፈራ ከተሞች ግን ንቅንቅ አላሉም።

ለምን? እዚህ ጋ ነው የሮም ምሥጢር። ሮም ጣሊያንን ስትይዝ የተሸነፉትን ከተሞች በገንዘብ አላስገበረቻቸውም። ከመሬታቸው ወሰደች፣ አዎ፤ በቀረው ግን የራሳችሁን አስተዳደር ያዙ፣ ቋንቋችሁን ተናገሩ፣ ጦርነት በወጣሁ ጊዜ ይህን ያህል ወታደር ስጡኝ አለች። ሲዘረፍ ደግሞ ይካፈላሉ። የየከተማው ባለጸጎች ከሮም ባለጸጎች ጋር የተጋቡ፣ የተዋወቁ ናቸው። ጎረቤታሞቹ ከተሞች ከሮም ይልቅ እርስ በርስ ይጠላላሉ፤ ካፑዋ ከሃኒባል ጋር ስትሆን የካፑዋ ጠላት ከሮም ጋር መቆየቱ የግድ ነው። ሃኒባል ደግሞ አንድ ጦር ብቻ ነው ያለው። የከዳለትን ሁሉ ልጠብቅ ካለ ጦሩን መበተን ሊኖርበት ነው፤ ካልጠበቀ ሮም መጥታ ትበላቸዋለች። በ211 ካፑዋን እንዲያ ነው ያደረገቻት፤ መሪዎቿን ገደለች፣ ከተማነቷን ሰረዘች።

ስለዚህ ሰውዬው «ተስፋ አልቆረጡም» የሚለው ውሸት ባይሆንም ግማሽ ነው። ከካኔ በኋላ ሴኔቱ ለምርኮኞቹ ካሳ አልከፍልም ማለቱ፣ 8,000 ባሪያ ገዝቶ ማስታጠቁ፣ የተሸነፈውን አዛዥ እንኳ ስለ አገሩ ተስፋ ስላልቆረጠ ማመስገኑ እውነት ነው። ግን ተስፋ የሌላ ሰው ልጅ ሲኖርህ ቀላል ነው። ከሮም ጦር ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላዩ፣ የሮም ዜጋ አልነበረም። በ209 ከ30ዎቹ የላቲን ከተሞች 12ቱ ወጣትም ገንዘብም አልቆብናል፣ አንሰጥም አሉ። አሥራ ስምንቱ ቀጠሉ። እነዚያ 18 ከተሞች ያንን ዓመት እምቢ ቢሉ ኖሮ ምናልባት ዛሬ የምናጠናው ላቲን ሳይሆን የካርቴጅን ቋንቋ ይሆን ነበር፤ ምናልባት ነው ያልኩት።

ነገር ግን ይህ የአጋርነት ሥርዓት አንድ ጠባይ አለው፣ ሐሳቤም እዚህ ላይ ነው። በገንዘብ የሚገብር አጋር በሰላም ጊዜም ይገብራል። ወታደር ብቻ የሚገብር አጋር ግን ጦርነት ከሌለ ምንም አይገብርም። ሮም ከአጋሮቿ ለመጠቀም፣ ገዥነቷንም ለማስታወስ፣ በየዓመቱ መዝመት አለባት። በዚያ ላይ ኮንሱል የሚባሉት ሁለት መሪዎቿ የሚመረጡት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ድል አግኝተው በሠረገላ ከተማ ለመግባት ያላቸው ጊዜ ያቺው ናት። አሥር ዓመት ያልዘመተ ሰው ሹመት አያገኝም ነበር ይላል ፖሊቢየስ። ያኑስ የሚባል አምላክ ነበራቸው፤ የመቅደሱ በር ሮም ሰላም ስትሆን ይዘጋል። በ235 ተዘጋ፣ ወዲያው ተከፈተ። እንደገና የተዘጋው በ29፣ በአውግስጦስ ጊዜ ነው። ከ200 ዓመት በላይ ክፍት በር!

ሃኒባልን በ202 ዛማ ላይ ያሸነፈው ሲፒዮ ነው፤ የኑሚዲያው ማሲኒሳ ፈረሰኞች ባይኖሩ ግን ነገሩ አጠራጣሪ ነበር። (አዎ፣ እዚያም ድሉ በአጋር ነው።) የሰላሙ ውል ይህ ነው፦ 10,000 ታለንት በ50 ዓመት የሚከፈል፣ የጦር መርከብ ከ10 አይበልጥም፣ ዝሆን የለም፣ ያለ ሮም ፈቃድ ጦርነት የለም። ተቀናቃኝ የሚባለው ነገር እዚህ አለቀ። ሕዝቡም ደክሞት ነበር፤ በ200 በመቄዶንያ ላይ ጦርነት ይታወጅ ሲባል ጉባኤው መጀመሪያ እምቢ ብሏል። ኮንሱሉ ግን እኛ ወደ እነርሱ ካልሄድን እንደ ሃኒባል ይመጡብናል ብሎ አሳመነ። በሃኒባል ስም ማስፈራራት ከሃኒባል የበለጠ ዕድሜ ነበረው። ከዚያ በኋላ ያለውን በጥድፊያ ልለፈው፤ መቄዶንያ በ197 ተሸነፈች፣ የሶርያው አንጥዮኮስ በ190፣ መቄዶንያ እንደገና በ168። በ167 ኤፒሮስ ውስጥ 70 ከተሞች ተዘርፈው 150,000 ሰው ለባርነት ተሸጠ። በዚያው ዓመት የሮም ዜጋ ቀጥተኛ ግብር መክፈል አቆመ።

ወደ ካርቴጅ እንመለስ። በእነዚህ ዓመታት ምን ትሠራ ነበር? ትነግዳለች፣ ታርሳለች፣ ዕዳዋን ትከፍላለች። በ191 የቀረውን ካሳ በአንድ ጊዜ ልክፈል ብትል ሮም አይሆንም አለች፤ ዕዳው እንዲቆይ ትፈልጋለች። ማሲኒሳ በየጊዜው ከመሬቷ ይቆርሳል፤ ካርቴጅ ያለ ፈቃድ መዋጋት ስለማትችል ለሮም ትከሳለች፤ ሮም ለማሲኒሳ ትፈርዳለች። ሽማግሌው ካቶ ከእነዚህ የሽምግልና ጉዞዎች በአንዱ ሄዶ ከተማዋ መበልጸጓን አይቶ ደነገጠ። ተመልሶ የንግግሩን ሁሉ መጨረሻ ካርቴጅ ትጥፋ አደረገው። ሲፒዮ ናሲካ የሚባል ሴናተር ደግሞ በየጊዜው ተነሥቶ ካርቴጅ ትኑር ይል ነበር፤ የምንፈራው ከሌለ እርስ በርሳችን እንባላለን ባይ ነው።

ለካቶ ፍትሐዊ ልሁንለት። አርኪዮሎጂስቶች ካርቴጅ ላይ የቆፈሩት ክብ የጦር ወደብ ከ150 በላይ መርከብ የሚይዝ ነው፤ ብዙዎቹም ከ201ዱ ውል በኋላ የተሠራ ነው ይላሉ። ስለዚህ ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። የሆነውን ግን እዩት።

የ50 ዓመቱ ዕዳ አልቆ ብዙም ሳይቆይ ካርቴጅ መቻል አቅቷት ከማሲኒሳ ጋር ተዋጋች፣ ተሸነፈችም። ሮም ውሉን አፈረሳችሁ አለች። ካርቴጅ ለመናት። በ149 የሮም ጦር አፍሪካ ሊሻገር ሲል፣ ከታላላቅ ቤተሰብ 300 ልጆች መያዣ ስጡ ተባሉ፤ ሰጡ። ከዚያ የጦር መሣሪያችሁን ሁሉ አስረክቡ ተባሉ፤ አስረከቡ። 200,000 ሰው የሚያስታጥቅ መሣሪያና 2,000 መወርወሪያ ተጭኖ ወጣ ይላል አፒያን። ሁሉም ከተረከበ በኋላ ነው የመጨረሻው ትእዛዝ የተነገራቸው፦ ከተማችሁን ልቀቁ፣ ልናፈርሳት ነው፣ ከባሕሩ 15 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ሌላ ሥሩ። በባሕር ለሚኖር ሕዝብ!

እዚህ ላይ ነው መቆም የነበረብኝ። ክፍል ውስጥ ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌ ነው ወደ ጨዉ የምሮጠው። ሰዎቹ በሩን ዘጉ። ቤተ መቅደሶቹን ፋብሪካ አደረጓቸው፤ ሴትና ወንድ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ በቀን 100 ጋሻ፣ 300 ሰይፍ ይሠሩ ነበር። ለመወርወሪያው ገመድ ሲጠፋ ሴቶቹ ጸጉራቸውን ቆርጠው ሰጡ። መሣሪያዋን ያስረከበች ከተማ ሦስት ዓመት ቆየች። በ146 ስትወድቅ የመንገድ ላይ ውጊያው ብቻ ስድስት ቀን ፈጀ፤ እጁን የሰጠው 50,000 ሰው ተሸጠ። አዛዡ፣ የታላቁ ሲፒዮ ቤተሰብ የሆነው ሲፒዮ ኤሚሊያኑስ፣ እሳቱን እያየ አለቀሰ፤ አንድ ቀን ሮምም እንዲህ ትሆናለች ብሎ እንደሰጋ አጠገቡ ለነበረው ለፖሊቢየስ ነግሮታል። ማልቀሱ ግን ማቃጠሉን አላስቆመውም። ሮም የካርቴጅን መጻሕፍት ለአፍሪካ ነገሥታት አደለች፤ ለራሷ አስቀርታ በሴኔት ትእዛዝ ያስተረጎመችው የማጎን የእርሻ መጽሐፍ ነው፣ 28 ክፍል። የካርቴጅ ሰዎች ስለ ራሳቸው የጻፉት ታሪክ አንድም አልቀረልንም። እኔም እናንተም ይህን ሁሉ የሰማነው ከአሸናፊው ወገን ነው።

ናሲካ የፈራውስ? 13 ዓመት ብቻ ቆዩ። በ133 ጢባርዮስ ግራከስ መሬት ለድሆች ይከፋፈል ብሎ ሲነሣ፣ ሴናተሮች የወንበር እግርና ዱላ ይዘው ወጥተው እሱንና ከ300 በላይ ደጋፊዎቹን ሮም መሐል ቀጥቅጠው ገደሉ። ሬሳቸው ቲቤር ወንዝ ተጣለ። ጢባርዮስ ካርቴጅ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ግንብ ላይ ከወጡት አንዱ ነበር። ገዳዮቹን የመራው ደግሞ የዚያ የ«ካርቴጅ ትኑር» ባዩ የናሲካ ልጅ ነው። ሁለቱም፣ ገዳዩም ሟቹም፣ በእናታቸው በኩል ሃኒባልን ያሸነፈው የሲፒዮ የልጅ ልጆች ናቸው። ይህንን ልብ ወለድ ላይ ባነበው ደራሲው አበዛው እል ነበር። በ91 ደግሞ እነዚያ ልጆቻቸውን ሲሰጡ የኖሩት የጣሊያን አጋሮች ዜግነት ተከልክለው ዐመፁ፤ ባሳተሙት ገንዘብ ላይ በሬ ተኩላዋን ሲወጋ ይታያል። ተኩላዋ ሮም ናት።

«ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ አንድ ትልቅ ፊልም አወጣ። ርእሱ «ሲፒዮ አፍሪካዊው» ነው። ሮም ካኔ ላይ ተዋርዳ፣ አፍሪካ ተሻግራ ዛማ ላይ ስትበቀል ያሳያል። ካኔ ማን እንደሆነች፣ ዛማ ማን እንደሆነች ለዚያን ጊዜው ጣሊያናዊ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ከ1896ቱ ዐድዋ 41 ዓመት ብቻ አልፏል። በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት ሮም ተወስዶ ቆመ፤ የተመለሰልን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እኔ እንግዲህ የዚህች አገር መምህር ሆኜ ሃያ ዓመት ሙሉ ታሪኩን ከሲፒዮ ወገን ቆሜ ነው ያስተማርኩት። ማንም አላስገደደኝም። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል፣ እኔም እንደዚያ አልኩ።

ለልጁ ገና አልመለስኩለትም። ዛሬ ፈተና ባወጣ ዓመት አልጠይቅም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አሥር ነጥብ፦ «በ149፣ መሣሪያው ከተረከበ በኋላና የመጨረሻው ትእዛዝ ከመነገሩ በፊት፣ ሮም ካርቴጅን የምትፈራበት ምን ምክንያት ቀርቷት ነበር? አስረዳ/ጂ።» መልሳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ከላይ ያለውን ኮሜንት ገልብጦ የሚለጥፍ ይኖራል፤ የእያንዳንዳችሁን አኮራረጅ እስካሁን አልረሳሁም።